የጥንት መሣሪያን፣ ምልክትንና ጽሕፈትን እንዴት መመርመር ይቻላል?

የሰው ዘር ቀደምቶች ድንጋይን ከድንጋይ አጋጭተው ስለት ማውጣት ከጀመሩ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗል። ሆን ተብሎ የተጫረ የመስመር ንድፍ በርከት ብሎ የሚገኘው ካለፉት 100,000 ዓመታት ወዲህ ሲሆን፣ የቋንቋን ቃል የሚይዝ ጽሕፈት ግን ዕድሜው ከ5,000 ዓመት ብዙም አይበልጥም። ስለ ሦስቱ የሚነገረው ትረካ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን የሌላው ልጅ ያደርገዋል፤ መሣሪያ የሠራው እጅ ምልክት ጫረ፣ ምልክቱም ውሎ አድሮ ፊደል ሆነ ይባላል። እንዲህ ያለው ትረካ ለጆሮ ቢጥምም ለምርመራ አይበጅም፤ ለእያንዳንዱ የሚጠየቀው ማስረጃ ለየብቻ ነውና። መሣሪያ የተባለ ነገር ሲቀርብልን «የሰበረው እጅ ነው ወይስ ተፈጥሮ?» ብለን እንጠይቃለን። ምልክት ሲቀርብልን «ሌላ ሰው አይቶ እንዲረዳው ታስቦ የተሠራ ነው?» እንላለን። ጽሕፈት ሲቀርብልን ደግሞ «ተናጋሪ ያለውን ቋንቋ ቃል ይዟል?» ማለት ይኖርብናል። ለአንደኛው ጥያቄ የተገኘ መልስ ለሌላኛው አያገለግልም።

ቀጥሎ የቀረበው የአመራመር መንገድ በሙዚየም መስታወት ፊት ለሚቆም ጎብኚ፣ ትምህርት ለሚያዘጋጅ መምህር ወይም «የዓለማችን ጥንታዊው» የሚል ዜና አንብቦ እውነቱን ማመዛዘን ለሚፈልግ ሰው የታሰበ ነው።

ከዕቃው በፊት የተገኘበትን ቦታ ይጠይቁ

የተጠረበ ድንጋይ ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም። ዓለቱ የተፈጠረበት ጊዜና እጅ ያረፈበት ጊዜ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሊራራቁ ስለሚችሉ፣ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ሳይሆን ዕቃውን አቅፎ የያዘው የአፈር ንብርብር ነው። ስለዚህ ቀድሞ መጣራት ያለበት ዕቃው በቁፋሮ ከንብርብሩ ውስጥ የወጣ መሆኑ ወይም ከመሬት ገጽ ላይ የተለቀመ መሆኑ ነው። ከመሬት ገጽ የተለቀመውን ጎርፍ ከየት እንዳመጣው ማወቅ ያስቸግራል፤ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ስለ ዘመን የሚደረግ ክርክርን ብቻውን ሊሸከም አይችልም።

የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ለዚህ ጥናት እጅግ የተመቸው እሳተ ገሞራ በየዘመኑ አመድ ስላነጠፈበት ነው። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ፖታሲየም በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመውን አርጎን በመለካት ፍንዳታው የደረሰበትን ጊዜ ማወቅ ይቻላል። ዕቃው ከሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል ከወጣ ከታችኛው ንጣፍ በኋላ፣ ከላይኛው ደግሞ በፊት የተጣለ ነው ማለት ነው። ይህ ውጤት በደለሉ ውስጥ ተመዝግቦ ከቀረው የምድር መግነጢሳዊ አቅጣጫ መገለባበጥ ጋር ይመሳከራል። በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1997 አሳትመዋል። በኬንያ ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ በምትገኘው ሎሜክዊ በሶንያ አርማን የሚመራው ቡድን ያገኛቸውና እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆኑት መሣሪያዎች ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የተሰጣቸው በተመሳሳይ ዘዴ ነው።

ካርቦን 14 ለእንዲህ ያለ ጥንታዊ ዘመን አይሠራም። በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ ሊለካ የሚበቃ ነገር አይተርፍም፤ የሚለካውም ቀድሞ ሕይወት የነበረው እንደ አጥንት፣ ከሰልና ዘር ያለው ነገር ብቻ ነው። የዋሻ ሥዕል ሲሆን ሌላ ዘዴ ይፈለጋል። ውሃ በሥዕሉ ላይ ያንጠባጠበው የኖራ ቅርፊት ዩራኒየም ስለሚይዝና ዩራኒየሙ ወደ ቶሪየም ስለሚለወጥ የቅርፊቱን ዕድሜ ማስላት ይቻላል። ቅርፊቱ ከሥዕሉ በኋላ የተጋገረ በመሆኑ የሚገኘው ቁጥር የሥዕሉ ትንሹ ዕድሜ ነው። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት ሌአንግ ካራምፑአንግ በተባለው ዋሻ ያለው የአሳማና የሰው መሰል ምስሎች ሥዕል ቢያንስ 51,200 ዓመት አለው መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው። «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል ዜና ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ስለሚጥሏት፣ አንባቢ ራሱ መልሶ ሊያስገባት ይገባል።

ድንጋዩን በቅርብ ይመልከቱ

እንደ ባልጩት ያለ ጠንካራና ልሙጥ ድንጋይ ከጠርዙ አጠገብ በሌላ ድንጋይ ሲመታ፣ የምቱ ኃይል ካረፈበት ነጥብ ተነሥቶ በሾጣጣ ቅርጽ ውስጥ ለውስጥ ይሰራጫል። ተፈልጦ የሚወጣው ስስ ፍላጭ ታዲያ የአመታቱን ታሪክ በገላው ላይ ይዞ ይወጣል። ፍላጩን ወፈር ያለውን ጫፍ ወደ ላይ፣ ልሙጡን ፊት ወደ እርስዎ አድርገው ያዙት። ከላይ ምቱ ያረፈበት ጠባብ ጠፍጣፋ ቦታ ይታያል። ወዲያው ከሥሩ አውራ ጣት ሲያልፍበት የሚታወቅ ለስላሳ እብጠት አለ። ከእብጠቱ በታች ደግሞ ጠጠር በተጣለበት ኩሬ ላይ እንደሚነሣ ሞገድ እየሰፉ የሚሄዱ ቅስት መስመሮች ይታያሉ፤ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ካደረጉት ይበልጥ ይጎላሉ፤ መነሻቸውም ምቱ ከየት እንደመጣ ያመለክታል።

አሁን ድንጋዩን ይገልብጡት። በጀርባው ላይ ከእርሱ ቀድመው የተነሡ ፍላጮች የተዉት ጎድጓዳ ጠባሳ ካለ፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው። አንድ ፍላጭ ከገደል በወደቀ ወይም ወንዝ ባንከባለለው ድንጋይ ሊወጣ ይችላል፤ በአንድ አቅጣጫ ተከታትለው፣ እያንዳንዱ ያለፈው ያበጀለትን ጠርዝ እየተጠቀመ የወጡ ሦስትና አራት ፍላጮች ግን መቺው ቀጥሎ የት እንደሚመታ ያውቅ እንደነበር ያስረዳሉ።

ይህም ሆኖ ከአንድ ድንጋይ ተነሥቶ መደምደም አይገባም። በብራዚል ሴራ ዳ ካፒቫራ የሚኖሩ የካፑቺን ዝንጀሮዎች ድንጋይን በድንጋይ ሲቀጠቅጡ ስለታም ፍላጭ ሳያስቡት እንደሚያወጡ፣ ያወጡትንም ለመቁረጫ እንደማይጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ2016 ታውቋል። ከዚያ ወዲህ የሚፈለገው ማስረጃ የስብስብ ማስረጃ ሆኗል። በአንድ ቦታ ብዙ ፍላጭ ከተነሣበት እናት ድንጋይ ጋር አብሮ ተገኝቷል? ፍላጩ ተመልሶ በእናት ድንጋዩ ላይ ይገጥማል? ድንጋዩ በዙሪያው ካለው ሁሉ ተመርጦ የተነሣ ነው? የጎና ሠሪዎች ከወንዝ ዳር ጠጠሮች መካከል ጥሩ የሚፈለጠውን ለይተው ይወስዱ ነበር። በሎሜክዊም ከእናት ድንጋዩ ጋር የሚገጥም ፍላጭ ተገኝቷል፤ በዚያ ያሉት ድንጋዮች ከኋለኞቹ እጅግ የገዘፉ ሲሆኑ ትልቁ 15 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህም የአሠራራቸው ዘዴ ከጎናው ይለያል።

በአጥንት ላይ ያለ ጭረት ከድንጋይ ይልቅ አሳሳች ነው። የድንጋይ ስለት ጠባብና ሥሩ የሾለ ቦይ በውስጡም ደቃቅ ትይዩ ጭረቶችን ሲተው፣ የአውሬ ጥርስ ሥሩ የደለደለ ቦይ ይተዋል፤ አጥንቱ በአሸዋ ላይ ከተረገጠ ግን ልዩነቱ ሊደበዝዝ ይችላል። በአፋር ዲኪካ የተገኙትና 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው ሁለት አጥንቶች በድንጋይ መሣሪያ የተቆረጡ ናቸው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ጭረቱን የአዞ ጥርስ ወይም የእንስሳት እርግጫ አድርገውታል። ክርክሩ ስላልተዘጋ እኔ የመሣሪያን መጀመሪያ ስጽፍ በሎሜክዊ እነሣለሁ፤ ዲኪካን የምጠቅሰው ከነክርክሩ ነው።

በሁለት ፊቱ የተጠረበው የእጅ መጥረቢያ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ኮንሶና በኬንያ ኮኪሴሌይ የተገኙት ጥንታዊዎቹ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ በኮንሶ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ 850,000 ዓመት በፊት ድረስ ያሉት ተከታታይ ንብርብሮች አጠራረቡ እየረቀቀ፣ ግራና ቀኙ እየተመጣጠነ መሄዱን ያሳያሉ። ምጥጥኑ ሠሪው ቅርጹን አስቀድሞ በሐሳቡ ይዞ እንደነበር ያስረዳል። ውበቱን አይቶ «ይህ ትርጉም ያለው ምልክት ነው» ማለት ግን ማስረጃው ከሚሰጠው በላይ መሄድ ነው፤ ሥጋ የሚቆርጥ ስለት ሲመጣጠን ለእጅም ይመቻል።

ምልክት ለመባል የሚያስፈልገው

በደቡብ አፍሪካ ብሎምቦስ ዋሻ የተገኘው የቀይ ኦከር (ብረት ያለበት፣ ለቀለም የሚያገለግል አፈር) ቁራጭ የአመራመሩን ቅደም ተከተል ከማንኛውም ዕቃ የተሻለ ያስተምራል። ከ75,000 ዓመት በፊት ገደማ የነበረው ሠሪ መጀመሪያ የቁራጩን አንድ ገጽ ፈግፍጎ አለሰለሰው፤ ከዚያ በኋላ በለሰለሰው ገጽ ላይ የሚተላለፉ መስመሮችን ጫረ፤ በላይ፣ በመካከልና በታችም መስመር አሰመረላቸው። ለምርመራው ዋናው ነገር ይህ ቅደም ተከተል ነው። ቀለም ለማውጣት ብቻ የሚፈገፈግ ኦከር ለመስመር የተዘጋጀ ገጽ አያስፈልገውም። ከዚሁ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሌላ ግኝት በድንጋይ ስባሪ ላይ በኦከር ጫፍ የተሣሉ ስድስት ትይዩ መስመሮችን ሦስት ሌሎች ሲያቋርጧቸው ያሳያል፤ ዕድሜው 73,000 ዓመት ነው። ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነው ይህ ስባሪ ጠርዙ ላይ መስመሮቹ ድንገት ይቋረጣሉ፤ ንድፉ በሰፊ ድንጋይ ላይ ተሠርቶ በኋላ የተሰበረ መሆኑ የሚታወቀው ከዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ የተጫረ ዕቃ ሲያጋጥምዎ መስመሮቹ ከምን በኋላ እንደተጫሩ፣ የትኛው መስመር የትኛውን እንደቆረጠ፣ እጁ በአንድ ጉዞ እንደሄደ ወይም ተመላልሶ እንዳጠለቀው በማጉያ መነጽር ይፈትሹ። ቀጥሎ ተመሳሳይ ንድፍ በሌላ ዕቃ ላይ መገኘቱን ይጠይቁ። ምልክት ስምምነት ይፈልጋል፤ የስምምነት ማስረጃው ደግሞ መደጋገም ነው። በጃቫ ትሪኒል የተገኘው የጭረት ንድፍ ያለበት ባለ ሁለት ክዳን የወንዝ እንስሳ ቅርፊት ወደ 500,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው፤ እጅ እንደጫረው አልጠራጠርም፤ አቻ ስለሌለው ግን ምልክት ብዬ ለመጥራት አልደፍርም። በደቡብ አፍሪካ ዲፕክሉፍ ግን 60,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው በመቶ የሚቆጠሩ የሰጎን እንቁላል ስባሪዎች ጥቂት ንድፎችን ደጋግመው ይዘዋል፤ ሠሪዎቹ አንዱ ከሌላው ይማሩ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ለዶቃ የሚጠየቀው ቀዳዳውን ነው። የቀንድ አውጣ ቅርፊት በባሕር አውሬ ሊበሳ ይችላልና ቀዳዳ መኖሩ አይበቃም፤ ክር ያለሰለሰው ጠርዝና ዶቃ ከዶቃ ሲፋተግ የሚቀረው ልሙጥ ቦታ ሊገኝ ይገባል። በሞሮኮ ቢዝሙን ዋሻ የወጡት ከ140,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የቅርፊት ዶቃዎች ይህንን ፈተና አልፈዋል። ኦከር ብቻውን ሲገኝ ግን ነገሩ ይጠብቃል። በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ 40,000 ዓመት ገደማ የሆነው ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኦከር ከመፍጫ ድንጋዮች ጋር ተገኝቷል፤ ኦከር ገላን ለማቅለም እንደሚያገለግል ሁሉ ድንጋይን ከእንጨት እጀታ ለሚያጣብቅ ሙጫም ይቀላቀላልና፣ ለምን እንደዋለ የሚያስረዳው አብሮት የተገኘው ዕቃ ነው።

ቁጥር ላለባቸው ጭረቶች ደግሞ የተለየ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ዣን ደ ሄንዘሊን እ.ኤ.አ. በ1950 በኮንጎ ኢሻንጎ ያገኘው፣ 20,000 ዓመት ገደማ የሆነው አጥንት በሦስት ረድፍ የተከፈሉ ጭረቶች አሉት። አንዳንዶች በውስጡ የጨረቃ አቆጣጠር፣ ሌሎች ደግሞ ለሌላ ቁጥር የማይካፈሉ ቁጥሮች አይተውበታል። ጥቂት ቁጥሮች ባሉበት የፈለጉትን ዝምድና ማግኘት ቀላል ስለሆነ፣ ቆጠራ ሊሆን ይችላል ከማለት አልፎ መሄድ የሚቻለው ተመሳሳይ አጥንቶች ተመሳሳይ አከፋፈል ይዘው ከተገኙ ብቻ ነው።

ጽሕፈት የሚጀምርበትን መለየት

በመስጴጦምያ ገበሬዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው ሺህ ዓመት ጀምሮ ትንንሽ የሸክላ ቅርጾችን፦ ሾጣጣ፣ ድቡልቡልና ጠፍጣፋ አድርገው ይሠሩ ነበር። ተመራማሪዋ ዴኒዝ ሽማንት ቤሴራት የዕቃ መቁጠሪያ መሆናቸውን በሰፊው አስረድታለች፤ የእያንዳንዱ ቅርጽ ትርጉም ግን ለሁሉም ዘመንና ቦታ አንድ እንደነበር አድርጎ መውሰድ አይገባም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 ገደማ ቅርጾቹን ባዶ የሸክላ ኳስ ውስጥ ከትቶ በማኅተም መዝጋት ተለመደ። በአንዳንዶቹ ኳሶች ላይ በውስጥ ያለው ከውጭ እንዲታወቅ ሸክላው ሳይደርቅ ምልክት ይታተምበት ነበር። ምልክቱ ከውጭ ከተነበበ ውስጡ ያለው ቅርጽ አስፈላጊነቱ ይቀንሳል፤ ከዚሁ ዘመን ቁጥር ብቻ የታተመባቸው ጠፍጣፋ ጽላቶችም ይገኛሉ።

ትልቁ ለውጥ በኡሩክ ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3300 ወዲህ ባሉት ጽላቶች ይታያል። በእነዚህ ላይ ቁጥሩ ለብቻው በክብ ብዕር ይታተማል፤ የተቆጠረው ነገር ደግሞ በሾለ ብዕር ይሣላል። ከጽላቶቹ አንዱን ከቀረቡት፣ የሰው ራስ ተሥሎ ከአፉ ፊት ጠርዙ ያዘመመ ሳህን ተደርጎለት ያያሉ፤ ቀለብ መስጠትን ወይም መብላትን የሚያመለክት ምልክት ነው። የሳህኑ ዓይነት በከተማዋ ፍርስራሽ ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ ጸሐፊው የሣለው በየዕለቱ የሚያየውን እንደነበር እናውቃለን። ከጽላቶቹ የሚበዙት የእህል፣ የከብትና የሠራተኛ መዝገብ ናቸው፤ አንዱ 29,086 መስፈሪያ ገብስ በ37 ወር ውስጥ ይልና ኩሺም የሚል የሰው ወይም የሹመት ስም ይከተለዋል። ቀሪዎቹ ለተማሪ ጸሐፊዎች መለማመጃ የሆኑ የሙያና የዕቃ ስም ዝርዝሮች ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ሥራው ሒሳብ መያዝ እንጂ ታሪክ መንገር አልነበረም፤ ይህ የጽሕፈትን ክብር ዝቅ ያደርገዋል ብዬ አላምንም።

እስካሁን ያየነው ግን ቋንቋን ሙሉ በሙሉ አልያዘም። የሳህንና የራስ ሥዕል በየትኛውም ቋንቋ ሊነበብ ይችላልና። መመዘኛው ሥዕሉ ስለ ድምፁ ሲባል የተሣለ መሆኑ ነው። በጥንታዊ ደቡብ መስጴጦምያ ይነገር በነበረው በሱመርኛ ፍላጻ «ቲ» ይባላል፤ ሕይወትም «ቲ» ይባላል፤ ጸሐፊው ሕይወትን ሊጽፍ ፍላጻ ከሣለ ያ ሥዕል ከሱመርኛ ውጭ ትርጉም አይኖረውም። በግብፅም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ገደማ የነበረው ንጉሥ ናርሜር ስሙን በሁለት ሥዕል አስጽፏል፤ የካትፊሽ ዓሣ «ናር»፣ መሮ «ሜር» ተብለው ይነበባሉ። ከእርሱ ትንሽ ቀደም ብሎ በአቢዶስ በአንድ የመሪ መቃብር ውስጥ የተገኙት ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ የአጥንትና የዝሆን ጥርስ ምልክት መያዣዎች ቁጥሮችንና የቦታ ስም የሚመስሉ ምስሎችን ይዘዋል። ስለዚህ ጽሕፈት የተባለ ነገር ሲያዩ በመጀመሪያ የሰው ወይም የቦታ ስም ይፈልጉ፤ ስም ሊሣል ስለማይችል ጸሐፊውን ወደ ድምፅ የሚገፋው እርሱ ነው።

ሒሳብ መያዝ ብቸኛው መንሥኤ እንዳይመስልዎ። በቻይና አንያንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1250 ገደማ ጀምሮ የተጻፉት የኤሊ ቅርፊቶችና የበሬ የትከሻ አጥንቶች የንጉሥ የጥንቆላ ጥያቄዎች ናቸው፤ በመካከለኛው አሜሪካም ጽሕፈት ራሱን ችሎ ተፈልስፏል። በሌላ በኩል በደቡብ አሜሪካ የኢንካ መንግሥት ሰፊ ግዛቱን በተቋጠረ ክር ሲመዘግብ ኖሯል። ከ2600 እስከ 1900 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያገለገሉት የኢንደስ ሸለቆ ማኅተሞች ደግሞ በአማካይ አምስት ያህል ምልክት ብቻ ስለሚይዙና በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ ስላልተገኘ እስከ ዛሬ አልተነበቡም፤ «ተነበበ» የሚል ዜና ሲመጣ ንባቡ አዲስ በተገኘ ማኅተም ላይ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ።

የሁለት ጽሕፈቶችን ዝምድና ማጣራት

መስቀል፣ ክብና ሦስት ማዕዘን በየትኛውም አገር የሚጫሩ ቅርጾች በመሆናቸው የመልክ መመሳሰል ዝምድናን አያስረዳም። ቅርጹ፣ ድምፁና ከተቻለ ስሙ ወይም ቅደም ተከተሉ አንድ ላይ መሄድ አለባቸው። በሲና በሰራቢት አልኻዲም የቱርኩዝ (ሰማያዊ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ) ማዕድን ቁፋሮ አጠገብ ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ያገኛቸው ጽሑፎች ከሠላሳ በማይበልጡ ሥዕል መሰል ምልክቶች ተጽፈዋል። አላን ጋርዲነር እ.ኤ.አ. በ1916 ቁልፉን አገኘ፤ እያንዳንዱ ሥዕል የሚወክለው በሴማዊ ቋንቋ የስሙን የመጀመሪያ ድምፅ ነው። የበሬ ራስ «አልፍ»፣ ቤት «ቤት»፣ ውሃ «ማይ»፣ ዐይን «ዐይን» ተብሎ ሲወሰድ፣ ደጋግሞ የሚመጣው የምልክቶች ተርታ «ለበዓለት»፣ ማለትም ለእመቤቲቱ አምላክ ተብሎ ተነበበ። ግሪኮች ፊደልን ከፊንቄያውያን ሲወስዱ ቅርጹንም፣ ስሙንም፣ ተራውንም ይዘው ስለሄዱ ዝምድናው አያከራክርም።

የግዕዝ ፊደል ከደቡብ ዓረብ ጽሕፈት ጋር ያለው ዝምድናም በቅርጽና በድምፅ ይታያል። አናባቢን የሚያሳዩት ቅጥያዎች በ4ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ዒዛና ጽሑፎች ላይ መታየት ስለጀመሩ፣ አናባቢ የሌለው የግዕዝ ጽሑፍ ሲገኝ ከዚያ ይቀድማል ብሎ ለመናገር ይቀናል። ነገር ግን በ6ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ካሌብ የግዕዝ ቋንቋን አናባቢ በሌለው በደቡብ ዓረብ ፊደል አስቀርጿል። በፊደሉ መልክ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህንን ድንጋይ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ስለዚህ የፊደሉን ቅርጽ ከመመዘን በፊት በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰውን የንጉሥ፣ የጦርነትና የሃይማኖት ስም ያንብቡ።